መልስ፦ ወለል ሳይቆፈር የሚያፈስ ቱቦ እንዴት ይታወቅ ነበር?

«በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንደ በርመንድሲ ባሉ የለንደን ወረዳዎች፣ ከቤት ስር ያለ የፍሳሽ ቱቦ ማፍሰሱን ሳይቆፍሩ በምን ያውቁ ነበር?» ላሉት፦ በጭስ ነው።

የጤና ተቆጣጣሪው መጀመሪያ ሲፎኖቹ (ውሃ ይዘው ሽታ ወደ ቤት እንዳይገባ የሚያግዱት ጎባጣ ቱቦዎች) ውሃ መያዛቸውን ያያል፤ ይህን ከዘለለ ጭሱ በደረቀ ሲፎን ሽቅብ ወጥቶ ደህናውን ቱቦ በሐሰት ያስወነጅላል። ቀጥሎ ቱቦው ወደ መንገዱ መስመር ሳይገባ ካለው የፍተሻ ጉድጓድ ላይ አፉን ይደፍናል፤ ዘይት የነካው የጥጥ ውዳቂ እያጨሰ ጭሱን በወናፍ ወደ ቱቦው ይነፋል። ጣሪያ ላይ ካለው መተንፈሻ ጭሱ ወፈር ብሎ ሲወጣ እሱንም ይደፍናል። ቀድሞ ከተደፈነማ የታመቀው አየር ጭሱን አያሳልፈውም። በኃይል መንፋትም አይበጅም፣ የሲፎኑን ውሃ ይገፋዋል።

ከዚያ መስኮት ዘግቶ በወለል ጣውላ መሃልና በእቃ ማጠቢያው ስር ማሽተት ነው፤ ጭስ ከሸተተ ቱቦው ያፈስሳል ማለት ነው።

የውሃ ፍተሻ፣ ማለትም ቱቦውን በውሃ ሞልቶ መጉደል አለመጉደሉን ማየት፣ ይበልጥ ጥብቅ ነው፤ ግን ያረጀ የሸክላ ቱቦ መጋጠሚያው በውሃ ግፊት ስለሚለቅ ለአሮጌ ቤት ጭሱ ይሻላል።