ባትሪውን ወደ ትራንክ አዛወርኩት፤ ይሄ ሥራ ያስቀጥረኛል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን አሉ? 24 ዓመቴ ነው። በዲቪ መጥቼ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ እኖራለሁ። አዲስ አበባ እያለሁ ቴክኒክና ሙያ ገብቼ አውቶ መካኒክ ተምሬያለሁ። አሁን ጎማ ቤት ነው የምሠራው። በቅርቡ የጓደኛዬን የ1993 ማስታንግ ባትሪ ከኮፈኑ ሥር አንስቼ ትራንክ ውስጥ (ከኋላ ዕቃ መጫኛው) አስገባሁለት። ሸጋ አድርጎ ይነሳል። ድራግ ሬስ (ቀጥ ባለ አጭር መንገድ ላይ የሚደረግ የፍጥነት ውድድር) ሊሞክራት ሲሄድ ግን ፍተሻው ላይ መለሱት። የስፖርት መኪና የሚያሻሽል አንድ ጋራዥ "ሥራህን አምጥተህ አሳየን" ብሎኛል። አንድ ዲለር (የፋብሪካ ወኪል መኪና ሻጭ) ደግሞ ለሰርቪስ ክፍሉ ጀማሪ ይፈልጋል። የቱ ይሻለኛል? የተመለሰ ሥራስ ለቀጣሪ ይታያል?»

መልስ፦ ይታያል። ግን መጀመሪያ ለምን እንደተመለሰ አንተ ራስህ ማስረዳት አለብህ። ከደብዳቤህ ይሄን አላገኘሁትም። «መለሱት» ብለህ አለፍከው። ቀጣሪው የሚይዝህ እዚችው ላይ ነው።

ባትሪውን ለምን እንዳዛወርክ ለመናገር አይከብድህም። ባትሪ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል። የዚያ ዘመን ማስታንግ አፍንጫው ከባድ ነው፤ የሚገፋው ደግሞ በኋላ ጎማ ነው። ክብደቱ ወደ ኋላ ሲሄድ ጎማው መሬቱን ይይዛል። ይሄን ማንም የመኪና ፍቅር ያለበት ልጅ ይልሃል።

መካኒኩ የሚለየው ከዚህ በኋላ ነው። የአሜሪካ የድራግ ሬስ ማኅበር በሆነው በኤንኤችአርኤ ደንብ ባትሪው ከፋብሪካ ቦታው ከተነሳ፣ ከመኪናው ኋላ፣ ከውጭ በኩል ዋና ማጥፊያ ሊኖረው ግድ ነው። አደጋ ቢደርስ ሌላ ሰው ሮጦ መጥቶ እንዲያጠፋው ነው። ማጥፊያው ሲጠፋ ሞተሩም ቀጥ ማለት አለበት። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ባትሪውን ብቻ ብትቆርጥ፣ ዲናሞው እየዞረ ስለሆነ ለኢግኒሽኑ (ነዳጁን ለሚያቀጣጥለው ክፍል) ኤሌክትሪክ መስጠቱን ይቀጥላል፤ ሞተሩ አይጠፋም። ስለዚህ የዲናሞው ቻርጅ ገመድ ለብቻው፣ ከራሱ ፊውዝ ጋር፣ ማጥፊያውን ሳያልፍ ባትሪው ወዳለበት ጎን ይመጣል። ያኔ ማጥፊያው ሲጠፋ ኢግኒሽኑ ከሁለቱም ይቋረጣል። ይሄን ወረቀት ላይ ስለህ ማሳየት ከቻልክ ኢንተርቪውህ በግማሽ አልቋል።

ስለ ገመዱም ይጠይቁሃል። «ሸጋ አድርጎ ይነሳል» መልስ አይሆንም። በሞቃት ቀን፣ ሞተሩ ግሎ ሳለስ? የቪ ኤይት ሞተሪኖ 200 አምፔር ይስባል እንበል። 5 ሜትር የሆነ የ16 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ ላይ 1 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። በ50 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን የሚቀረው ሲሶው ነው። እዚህ አገር ገመድ የሚጠራው በጌጅ እንደሆነም እወቅ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ገመዱ ይወፍራል። መልቲሜትር ይዘህ ሞተሪኖው እየዞረ ለካ፤ ቁጥሩን ጻፈው። በግራውንዱም በኩል፣ ማለት ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ቦዲው በሚሄደው፣ ለካ። ቀለሙ ሳይፋቅ ቦዲው ላይ የታሰረ ግራውንድ ወፍራሙን ገመድ ዋጋ ያሳጣዋል።

ሌላም አለ። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ነው ወይስ ኮፈን ሥር? ኮፈን ሥር ከሆነ፣ መኪናው ከኋላ ተገጭቶ ገመዱ ቦዲውን ቢነካ የሚያቆመው ነገር የለም፤ እሳት ነው። ገመዱ ብረት ሰንጥቆ የሚያልፍበት ቦታስ ጎማ ገብቶለታል? ከማርሚታው ርቋል? ባትሪው ተራ አሲድ ከሆነ ሲሞላ ሃይድሮጅን ይተነፍሳል፤ ጋዙ ወደ ውጭ የሚወጣበት ቱቦ ይፈልጋል። እነዚህን ሁሉ አስተካክል፣ ከማስተካከልህ በፊትና በኋላ ፎቶ አንሳ። ተመልሶ የተስተካከለ ሥራ፣ እንደ እኔ እንደ እኔ፣ አንዴ ተሠርቶ ካለፈው ይበልጥ ያሳያል።

አሁን ወደ ምርጫው። እኔ ብሆን ዲለሩን እይዛለሁ። ልብህ ወዴት እንዳዘነበለ ከደብዳቤህ ያስታውቃል፤ አልፈርድብህም። ነገር ግን የማሻሻያ ጋራዥ አብዛኛውን ጊዜ ሙያውን ይዞ የመጣ ሰው ይፈልጋል፤ ቁጭ ብሎ የሚያስተምርህ አታገኝም። ዲለር ጋ ስልጠና አለ፣ የፋብሪካው የኤሌክትሪክ ሥዕል አለ፣ በየቀኑ የተለየ ብልሽት ይመጣልሃል። ደግሞም ባትሪን ትራንክ ውስጥ ማስቀመጥ የጋራዥ ፈጠራ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያዋ ማዝዳ ሚያታ እ.ኤ.አ. በ1989 ስትወጣ ባትሪዋ ትራንክ ውስጥ ነበር። ቢኤምደብሊውም በብዙ ሞዴሎቹ እንዲሁ ያደርጋል፤ በአንዳንዶቹ እንዲያውም ኤርባግ በሚፈነዳበት ግጭት ወደ ሞተሪኖው የሚሄደውን ገመድ በትንሽ ባሩድ ቆርጦ የሚጥል ተርሚናል አለው። ፋብሪካዎቹ ይሄን ችግር እንዴት እንደፈቱት ቀን ከሌት የምታየው ዲለር ጋ ነው። ጋራዡንም ግን አትዝጋው። ሄደህ ሥራህን አሳይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቼ ልይ በላቸው።

የመካኒኮችን ብቃት ፈትኖ የሚመሰክረውን ድርጅት፣ የኤኤስኢን፣ ኤ6 ፈተና፣ ማለትም የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስን፣ አሁኑኑ መፈተን ትችላለህ። ሰርተፍኬቱ የሚሰጥህ ግን ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ስታሟላ ነው። የሙያው እንግሊዝኛ ካስቸገረህ ኖቫ ኮሌጅ እዚያው አሌክሳንድሪያ የአውቶሞቲቭ ትምህርት አለው፤ ጠይቅ።

ሪዙሜህ ላይ «ባትሪ አዛውሬያለሁ» ብለህ አትጻፍ። «የ1993 ማስታንግ ባትሪ ወደ ትራንክ አዛውሬ፣ ፊውዝና ዋና ማጥፊያ ገጥሜ፣ ሞተሪኖው ሲዞር የሚጠፋውን ቮልት ለክቻለሁ» በል። ከለካኸው ቁጥር ጋር። ካልለካህ አትጻፈው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ሳልነግርህ ብቀር ቅር ይለኛል። እዚህ አገር መካኒክ መፍቻውን የሚገዛው ራሱ ነው። ገና ሥራ እንደጀመርክ መፍቻ እየዞረ የሚሸጥ መኪና በር ላይ ቆሞ በየሳምንቱ በሚከፈል ዱቤ የሚያብረቀርቅ የመፍቻ ሣጥን ያሳይሃል። ሣጥኑ ይቆይ። መጀመሪያ ደህና መልቲሜትር ግዛ፣ በጥሬ ገንዘብ።