ሰሊጥ፣ መድኃኒትና ጳጉሜን በኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አዘዞ የሰሊጥ መጋዘን አለን። ግዢና ክምችት የሚመዘግብ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ ኦዱ ኮሚዩኒቲ የተባለ ሶፍትዌር ጭነን፣ የጆንያ ክብደትና የባዕድ ነገር ቅናሽ የግዢ ገጹ ላይ እንዲገባ ባለሙያው ዋናውን ኮድ ነካክቶ ሠራልን። አዲሱን ቨርዥን ስንጭን ግን ሁሉም ጠፋ።

መልስ፦ አዲሱ ቨርዥን የድሮውን ፋይል በራሱ ፋይል ስለሚተካ ዋናው ኮድ ውስጥ የተጻፈ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። የእናንተ ሥራ በራሱ ፎልደር፣ ራሱን የቻለ ሞጁል (ተጨማሪ ክፍል) ሆኖ ይቀመጥ። ሞጁሉ የግዢውን ሞዴል (መስኮቹን የሚወስነውን ኮድ) ዋናውን ሳይነካ በኢንሄሪት ወርሶ የጎደለውን መስክ ብቻ ይጨምራል፤ የፎልደሩ አድራሻም ኮንፊግ (የማስተካከያ) ፋይሉ ውስጥ አዶንስ ፓዝ (ሞጁሎች የሚፈለጉበት አድራሻ) ላይ ይገባል። አዲስ ሰንጠረዥ ከፈጠራችሁ የመዳረሻ ፈቃዱን አብራችሁ ጻፉ፤ ያለዚያ ሚዛን ላይ ያለው ሠራተኛ ሊከፍተው አይችልም።

ከኮዱ ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ሚዛኑ ነው። 20 ጆንያ 2,046 ኪሎ መዘነ እንበል። ባዶው ጆንያ 0.8 ኪሎ ከሆነ 16 ኪሎ ይነሳና 2,030 ይቀራል። የባዕድ ነገር ቅናሹ 4 በመቶ ከሆነ 81.2 ኪሎ ይነሳል፤ የተጣራው 1,948.8 ኪሎ፣ ማለትም 19.488 ኩንታል ነው። የኩንታሉ ማጠጋጊያ 0.01 ከሆነ ግን ሲስተሙ 19.49 ብሎ ይመዘግባል፤ መጋዘን ውስጥ የሌለ 200 ግራም ደብተር ላይ ይገባል። ግዢ በሚበዛበት ወቅት ይህ በየሚዛኑ ሲደጋገም ቆጠራውና መዝገቡ አይገናኙም። ግዢውንም ክምችቱንም በኪሎ ያዙ። በኩንታል ካልሆነ የምትሉ ከሆነ የብዛት አስርዮሹን ወደ 3 አሃዝ ከፍ አድርጉ፤ ቨርዥናችሁ ለአሃዱ የራሱ ማጠጋጊያ ካለው እሱንም 0.001 አድርጉ፣ ያኔ አንዱ ብቻውን አይበቃም።

ጥቅል ክብደት፣ ጆንያና ቅናሽ ደግሞ ለየብቻ ይመዝገቡ። የተጣራውን ብቻ ከያዛችሁ ገበሬው ቅሬታ ይዞ ሲመጣ የምታሳዩት ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ላለው ፋርማሲያችን ኢአርፒኔክስት የተባለውን ሌላ የኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ጀመርን። መድኃኒቶቹን አስገብተን መሸጥ ከጀመርን በኋላ የባች ቁጥር (አብረው የተመረቱ መድኃኒቶች የጋራ መለያ) መያዝ ፈለግን፤ አልፈቅድም አለን።

መልስ፦ አንድ ዕቃ እንቅስቃሴ ከተመዘገበበት በኋላ የባች ምርጫው ይቆለፋል። ለመድኃኒቱ አዲስ የዕቃ መዝገብ ክፈቱ፤ ዕቃው መጀመሪያ ወደ ክምችት ከመግባቱ በፊት የባችና የማብቂያ ቀን ምልክቶቹን አብሩ፣ የቀረውን ክምችት ከአሮጌው ወደ አዲሱ አዛውሩና አሮጌውን አሰናክሉት። ማብቂያው የቀረበው ቀድሞ እንዲወጣ የባች አመራረጡ በማብቂያ ቀን ይሁን። ክኒን በሳጥን ገዝታችሁ በፍሬ የምትሸጡ ከሆነ መነሻው አሃድ ፍሬው ይሁን።

ጥያቄ፦ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዴት እናስገባው?

መልስ፦ ዳታቤዙ ውስጥ በፈረንጆቹ ይቀመጥ፤ የሚለወጠው ሲጻፍና ሲታይ ብቻ ነው። ቀኑን እንደ ጽሑፍ የሚያስቀምጡ አሉ፤ ትልቅ ስህተት ነው። በጽሑፍ ሲደረደር 1/10/2017 ከ1/2/2017 ይቀድማል፤ ሰኔ ከጥቅምት በፊት መጣ ማለት ነው። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ከሆነ ኦዱ ላይ የዓመቱን መጨረሻ ጁላይ 7 በሉት። የወር ሪፖርት ስታወጡ መነሻና መድረሻ ቀኑን ራሳችሁ ስጡት፤ ሲስተሙ በራሱ የሚከፋፍለው በፈረንጅ ወር ነው። ቀን ቀያሪውን ኮድ በጳጉሜን 6 ቀን 2015 ፈትኑት፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ካላለ፣ ወይም ቀጣዩን ቀን መስከረም 1 ቀን 2016 ካላለ፣ አትጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ የሠራሁትን ሞጁል ለሌሎች መሸጥ እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ። ኦዱ ኮሚዩኒቲ ኤልጂፒኤል 3 በሚባል የኦፕን ሶርስ ፈቃድ ስለሚሰራጭ ለራስዎ ሞጁል ሌላ ፈቃድ መምረጥ ይቻላል። የኢአርፒኔክስት ፈቃድ ግን ጂፒኤል 3 ነው፤ በእሱ ኮድ ላይ የተሠራውን ሲሸጡ ለገዢው ሶርስ ኮዱንም ይሰጡታል። ለዓለም ሁሉ የማውጣት ግዴታ ግን የለብዎትም።

ጥያቄ፦ ሰርቨሩ ሱቃችን ውስጥ ነው፤ መብራት ይጠፋል። ባክአፕ በየማታው እናደርጋለን፣ ይበቃል?

መልስ፦ ምን እንደምትቀዱ እዩ። በኦዱ የዳታቤዙ ቅጂ ብቻውን የደረሰኝ ምስሎችንና አባሪዎችን አይዝም፤ እነሱ ፋይልስቶር ፎልደር ውስጥ ናቸው፣ ሁለቱም አንድ ላይ ይቀዱ። ዩፒኤሱም (መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ባትሪ) ሰርቨሩን በሥርዓት እስክታጠፉ ድረስ የሚያቆይ ይሁን። በየወሩ ቅጂውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሱና አንድ የቆየ ግዢ ፈልጋችሁ የተያያዘው የደረሰኝ ምስል መከፈቱን እዩ።