የቤት ኬክ ትዕዛዝ ሳይምታታ እንዴት ይያዛል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም እህቶቼ፣ ወንድሞቼም። ከቤት ኬክ እየጋገራችሁ የምትሸጡ ስለ ትዕዛዝ አያያዝ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ስለመጣ የሚመሳሰለውን አንድ ላይ አድርጌዋለሁ። እኔም የምሰራው እዚሁ ባህር ዳር ከቤቴ ነው።

ከሽምብጥ፦ ትዕዛዝ በስልክ ይመጣል፣ በቴሌግራም ይመጣል፣ በቲክቶክ ይመጣል፣ ጎረቤት ደግሞ በር ላይ ቆማ ታዛለች። ሁሉንም እንዴት ልያዘው?

በየትም ይምጣ፣ መጨረሻው አንድ ደብተር ይሁን። እኔ የወረቀት ደብተር ነው የምመክረው። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፣ ኔት ደግሞ እዚህ ከተማ ለወራት ጠፍቶ አይተናል፤ ያን ጊዜ ቴሌግራም ውስጥ ብቻ ያለ ትዕዛዝ የለም ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ ስጪ። ዋናው ነገር ትዕዛዙን የምትጽፊው በመጣበት ቀን ገጽ ላይ ሳይሆን ኬኩ በሚወሰድበት ቀን ገጽ ላይ መሆኑ ነው። እንደዚያ ካደረግሽ ጠዋት ተነስተሽ አንድ ገጽ ስትገልጪ የዕለቱ ሥራ በሙሉ ፊትሽ ነው፤ ማታ ደግሞ የነገን አይተሽ እንቁላሉንም ካርቶኑንም ታዘጋጃለሽ።

ከቀበሌ 14፦ ገጹ ላይ ምን ምን ይጻፍ?

የደንበኛው ስምና ስልክ፣ ቀንና ሰዓት፣ ስንት ኪሎ፣ የጾም ነው የፍስክ፣ ጣዕሙ፣ ኬኩ ላይ የሚጻፈው፣ ዋጋው፣ የተከፈለው ቀብድ፣ መጥተው ይወስዱታል ወይስ ይደርስላቸዋል። ይህን ጽፈሽ ስትጨርሺ እንዳለ ለደንበኛው መልሰሽ ላኪለት። «አዎ ልክ ነው» እስኪልሽ ድረስ ትዕዛዙ አልተያዘም።

ኬክ ላይ የሚጻፍ ስም ግን በቮይስ እንዳትቀበዪ። ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ በጸሎቱ «ጸ» ይጽፈዋል፣ ሌላው በፀሐዩ «ፀ»፣ ሌላው መሃል ላይ «ሃ» ያስገባበታል። የልጁ እናት እንዴት እንደምትጽፈው ራሷ ጽፋ ትላክልሽ፣ አንቺ ከዚያ ላይ ገልብጪ።

ከዲያስፖራ ሰፈር፦ ውጭ ያሉ ሰዎች ለእናታቸው፣ ለእህታቸው ያዙኛል። ቀኑ እየተምታታብኝ ተቸግሬያለሁ።

ይሄ የሁላችንም ችግር ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረው። አሜሪካ ያለው ልጅ «ጃንዋሪ 12» ብሎ ይልክልሻል። አንቺ ቸኩለሽ ጥር 12 ብለሽ ትጽፊያለሽ። ጃንዋሪ 12 ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥር 4 ነው፤ ስምንት ቀን ዘግይተሽ ኬክ ይዘሽ ልትሄጂ ነው ማለት ነው! አብዛኛውን ጊዜ ያልኩት ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ማግስት ቀኑ በአንድ ስለሚንሸራተት ነው። ለምሳሌ የ2019 ጳጉሜ 6 ቀን ናት፤ ስለዚህ በ2020 ከመስከረም ጀምሮ እስከ የካቲት ድረስ የለመድሽው ስሌት በአንድ ቀን ይስታል። በጭንቅላት አታስሊ፣ ሁለቱንም አቆጣጠር የያዘ ካላንደር ግድግዳ ላይ ስቀዪ።

ከሁሉም በላይ ግን የሳምንቱን ቀን ጠይቂ። «ማክሰኞ ነው አይደል?» ስትያቸው ስህተት ካለ ወዲያው ይወጣል፣ ማክሰኞ በሁለቱም አቆጣጠር ማክሰኞ ነውና።

ሰዓቱም እንደዚያው። ውጭ ያለ ሰው «4 ሰዓት» ሲል ከሰዓት በኋላ ያለውን አራት፣ ማለትም የእኛን 10 ሰዓት ማለቱ ሊሆን ይችላል። የሌሊት ነው፣ የጠዋት ነው፣ የከሰዓት ነው፣ የማታ ነው፣ ይህ ቃል ሳይጻፍ ሰዓት ብቻውን ደብተር ላይ አይግባ። የትኛው አገር ሰዓት እንደሆነም ጠይቂ።

ከጊዮርጊስ አካባቢ፦ እትዬ፣ የጾሙንና የፍስኩን ለይቼ ለመያዝ ምን ላድርግ?

እኔ የጾሙን በአረንጓዴ እስክሪብቶ እጽፋለሁ፣ የፍስኩን በሰማያዊ። ገጹን ከሩቅ ሳየው ይለይልኛል። ረቡዕና አርብ ስለሆነ ብቻ ግን የጾም ነው ብለሽ አትደምድሚ። ከፋሲካ በኋላ ባለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና አርብ አይጾምም፣ ሙስሊም ደንበኞችም አሉሽ። በየቀኑ ጠይቂ፣ አታፍሪ። ሙስሊም ደንበኛ ከሆነ ደግሞ ጄላቲን (ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚሠራ ማርጊያ፣ ከአሳማም ሊሆን ይችላል) ያለበት ነገር ከመጠቀምሽ በፊት አሳውቂው።

የጾም ክሬም ተብሎ የሚሸጠውንም ጀርባውን አንብቢ። ከወተት ነጻ የሚመስሉ አንዳንድ የክሬም ዱቄቶች ውስጥ ኬዚኔት የሚባል የወተት ፕሮቲን አለ። ጾመኛ ሰው አምኖሽ ነው የሚበላው፣ ይህን እምነት መጠበቅ ግዴታችን ነው።

ከአባይ ማዶ፦ አክስቴን ቀብድ ብጠይቃት ትቀየመኛለች። ዘመድ እንዴት ይጠየቃል?

በአክብሮት ይጠየቃል። «እትዬ፣ ዕቃውን የምገዛው በቀብዱ ነው» በያት። እውነትሽን ነው። ግማሹን ተቀበዪ፣ ሠርግ ከሆነ ከዚያም በላይ። በነጻ ልትሰጪያት ከፈለግሽም ስጦታ ብለሽ ደብተሩ ላይ ጻፊው እንጂ ሳይጻፍ አይለፍ፣ ምክንያቱም ኦቨኑም ሰዓትሽም ተይዟል።

በቴሌብር ወይም በባንክ ላኩልኝ ካልሽ ስክሪንሾት አትመኚ። የራስሽን ሂሳብ ከፍተሽ ገንዘቡ መግባቱን ካየሽ በኋላ ነው «ተከፍሏል» ብለሽ የምትጽፊው።

ከፔዳ፦ ወንድ ነኝ፣ ከእህቴ ጋር ነው የምንሰራው። በምርቃት ሰሞን ተማሪው በአንድ ቀን ይረባረብብናል። ስንት ድረስ እንቀበል?

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፍሪጃችሁን ቁጠሩ። ኦቨን ቀኑን ሙሉ ይጋግራል፣ ፍሪጅ ግን ከያዘው በላይ አይዝም፤ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት ክሬም ያለበት ኬክ ውጭ አያድርም። አራት ከያዘ በየገጹ ላይ አስቀድማችሁ ከ1 እስከ 4 ቁጥር ጻፉ። አራቱ ሲሞላ ገጹ ተዘጋ። የጥር ሠርግ ባለ ሦስት ደረጃ ኬክ ሲመጣ የዋዜማውንም ገጽ አብራችሁ ዝጉት፣ ያ ቀን የሌላ ሰው አይደለም። የቀረውን ደንበኛ ወደምታምኑት ሌላ ጋጋሪ ላኩ። እሷም ነገ ትልክላችኋለች።

ከዘጌ፣ አንዲት እናት፦ ልጄ፣ በጀልባ ማድረስ ይቻላል?

ይቻላል እማማ። ግን የጠዋቱን ጀልባ ይያዙ፤ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሳል፣ ኬክ ማዕበል አይችልም። ክሬሙን ቀለል ያድርጉት፣ ካርቶኑ ከኬኩ ብዙ አይስፋ፣ ጌጡን ለብቻው ይዘው እዚያው ያስቀምጡት። ትዕዛዙን ሲቀበሉ ወደብ ላይ ማን እንደሚቀበልዎት ስልኩን ይጻፉ፣ ያዘዘው ሰው ስልክ ብቻ አይበቃም።

ከተማ ውስጥ በባጃጅ ለምታደርሱም ያው ነው፤ የተቀባዩ ስልክና ሰው የሚያውቀው ምልክት ይጻፍ። ባጃጁንም ኮብል ስቶን ላይ ቀስ በል በሉት።

ከፖሊ፦ ያለቀ ደብተር ይጣላል?

እንዳትጥዪው! አምና የልደት ኬክ ያዘዘ ሰው ዘንድሮም ልደት አለው። ከሁለት ሳምንት በፊት የአምናውን ገጽ እያየሽ ደውዪ፣ «የሕፃኑ ልደት ደርሷል፣ አምና ቸኮሌት ነበር የወሰዳችሁት» በዪ። የእኔ መደበኛ ደንበኞች አብዛኞቹ የመጡት በዚህ ነው።