ዜሮ ሬዚስታንስ አታሎኝ ነበር

ወንድሜ፣ «አማካሪዬ ከውጭ የዋይቢሲኦ (በጣም ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ፣ ማለት የኤሌክትሪክ ተቃውሞው፣ ዜሮ የሚሆን ሱፐርኮንዳክተር) ስስ ፊልም አምጥተውልኛል፤ ጅማ ሆኜ ታነል ጃንክሽን (ኤሌክትሮኖች ስስ ግርዶሽ ሾልከው የሚያልፉበት መገጣጠሚያ) ሠርቼ መለካት እችላለሁ ወይ?» ብለሃል። ትችላለህ። እኔ ግን እዚሁ ከተማ አንድ ፊልም ቀብሬያለሁ፤ ስማኝ።

1. ፊልሙን መሳቢያ ውስጥ አትተወው። የዋይቢሲኦ ጠላቱ እርጥበት ነው። የጅማን ሐምሌ ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ጫማ ሳይቀር ይሻግታል። እኔ በላስቲክ ጠቅልዬ ሦስት ሳምንት ረሳሁት። ስለካው 90 ኬልቪን ገደማ ላይ ሬዚስታንሱ ቁልጭ ብሎ ዜሮ ገባ። ደስ ብሎኝ ጓደኞቼን ቡና ጋበዝኩ። ከዚያ ላዩ ላይ ብረት ደርቤ ጃንክሽኑን ስሞክር ምንም የለም። ሁለት ወር ሙሉ ሽቦውን፣ ብየዳውን፣ መለኪያውን ስወነጅል ከረምኩ። ለካ ከረንቱ ደህና በሆነው በውስጡ በኩል እያለፈ ነው። ታነሊንግ የሚያየው ግን የላይኛውን ቆዳ ብቻ ነው። ሲ በሚባለው፣ ከላይ ወደ ውስጥ በሚወርደው አቅጣጫ የኮሄረንስ ርዝመቱ (ሱፐርኮንዳክቲቪቲው የሚዘልቅበት ርቀት) 0.3 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ላዩ ላይ ጥቂት ናኖሜትር ከሞተ አለቀልህ። ሲሊካ ጄል ያለበት፣ ግጥም ብሎ የሚዘጋ ዕቃ አዘጋጅ። በውሃ ደግሞ እንዳታጥበው!

2. በፈሳሽ ናይትሮጂን ብቻ አቀዝቅዤ ጋፑን (የሱፐርኮንዳክተሩን የኃይል ክፍተት) ጥርት አድርጌ አያለሁ አትበል፤ ሙቀቱ ያደበዝዘዋል። ከቻልክ በ24 ዲግሪ ባይክሪስታል (በ24 ዲግሪ ተዛንፈው የተጋጠሙ ሁለት ክሪስታሎች) ላይ ያደገ ፊልም አስልክ። የክሪስታሎቹ ድንበር ራሱ ጃንክሽን ይሆንልሃል፣ ምንም መደረብ የለብህም። ሁለተኛውን እንዲያ አስመጣሁ። ማግኔት ሳስጠጋ ክሪቲካል ከረንቱ (ያለ ሬዚስታንስ ማለፍ የሚችለው ከፍተኛው ከረንት) ወረድ ሲል በዓይኔ አየሁ። እዚሁ ጅማ!

3. ናይትሮጂኑ... እሱን እንኳ ተወው። የምናገኘው ለከብት ማዳቀያ ከሚያስቀምጡት ዘንድ ነው። ስሙን የማልጠራው ቢሮ አራት ጊዜ መለሰኝ። አንዴ ደብዳቤው ቀኑ አልፏል፣ አንዴ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በመጨረሻ ሴትየዋ ቀና ሳትል «ስንት ላም አለህ?» አለችኝ። ፊልም ነው ስላት ሲኒማ መሰላት። የሰጠችኝን በፔርሙዝ ይዤ በባጃጅ ተመለስኩ። ክዳኑን ግን እንዳታጠብቀው፣ ይፈነዳል። ጅማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከ77 ኬልቪን ትንሽ ዝቅ ብሎ ይፈላል፤ ቴርሞሜትሩ ተበላሸ ብለህ እንዳትፈታታው።

ደብዳቤህ ላይ ማህተሙ የሚነበብ ይሁን። አራተኛው ቀን የተመለስኩት በእሱ ነው።