ደሴ ሆና ለጠየቀችው የባዮኬሚስትሪ ምሩቅ

እህቴ፣ «በባዮኬሚስትሪና ሞለኪውላር ባዮሎጂ ተመርቄ ዓመት ሙሉ ቧንቧ ውሃ ሰፈር እናቴ ቤት ተቀምጫለሁ፤ ሆስፒታሎችም አልቀበል አሉኝ፤ አካውንቲንግ እንደ አዲስ ልጀምር ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔም የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እዚያው ደሴ በዚሁ ጭንቀት ውስጥ ነበርኩ። አትጀምሪ።

የሆስፒታሉን ነገር ተይው። እኔን አንድ የጤና ተቋም አራት ወር ካመላለሰኝ በኋላ ነው «የሙያ ፈቃድ የለህም» ያለኝ። ፈቃዱ የሜዲካል ላቦራቶሪ ምሩቃን ነው፤ የእኛ ዲግሪ የታካሚ ውጤት ፈርሞ ለማውጣት አያበቃም። ይህን በመጀመሪያው ቀን ቢነግሩኝ ኖሮ ያ ሁሉ ጊዜ ባልባከነ ነበር።

ሌላው ጥፋቴ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የትምህርት ክፍሌን ስም መፈለጌ ነው። ስሙ አይወጣም። የሚወጣው «ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ ወይም ተዛማጅ የትምህርት መስክ» ነው፤ እኛ ያለነው «ተዛማጅ» በምትለዋ ቃል ውስጥ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ቢራ ፋብሪካ በጥራት ቁጥጥር የተቀጠርኩት በእሷ ነው። በየጠዋቱ ቢራው ከሚብላላበት ጋን እርሾ ቀድቼ፣ ሜቲሊን ብሉ የተባለ ሰማያዊ ቀለም ጨምሬ፣ በማይክሮስኮፕ እቆጥር ነበር። የሞተው ሕዋስ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል፤ ሕያው የሆነው ግን ቀለሙን በኢንዛይሞቹ፣ ማለትም የሕዋሱን ኬሚካላዊ ሥራ በሚያፋጥኑት ፕሮቲኖች፣ ስለሚያጠፋው ጥርት ብሎ ይታያል። ለፈተና ብቻ የሸመደድኩት ትምህርት በዓይኔ ሥር ሲሠራ ያየሁት ያኔ ነው። አጠገቤ የነበሩት አንጋፋ ሠራተኛ ደግሞ ሁለት ጊዜ ሳልቆጥር አንድም ቁጥር አያስመዘግቡኝም ነበር፤ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ።

ኮምቦልቻ ላይ ቢራ ብቻ አይደለም። ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ለሽመና ተብሎ ክሩ ላይ የተቀባውን ስታርች በኋላ የሚያነሣው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ነው፤ በቆዳ ሥራም ፀጉር ለማስለቀቅ ፕሮቲዬዝ የተባለው ይገባል። ዱቄት ፋብሪካ የግሉተን፣ ማለትም ሊጡን የሚያያይዘውን ፕሮቲን፣ መጠን ይለካል። ማመልከቻሽ ላይ «ኢንዛይም አውቃለሁ» ከማለት ይልቅ በእነርሱ ፋብሪካ የትኛው ኢንዛይም ምን እንደሚሠራ ጻፊ።

የሞለኪውላር ባዮሎጂው፣ ማለትም የዲኤንኤው ሥራ ግን ጠባብ ነው፤ ላታልልሽ አልፈልግም። በአካባቢያችን የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የደሴ ቅርንጫፍ፣ የኮምቦልቻው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ፣ ወደ ወልዲያ በኩል ደግሞ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አሉ። ራቅ ካልሽ አዲስ አበባ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ ቢሾፍቱ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት፣ ሆለታ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ማዕከል። ለምርምር ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ዲግሪ ይጠየቃል። እኔም ሦስት ዓመት ሠርቼ ነው የተማርኩት፤ አሁን የምሠራው በአንድ የምርምር ላቦራቶሪ ነው። ለቅጥር ቃለ መጠይቁ ስገባ ስለ ነጥቤ አልጠየቁኝም። «ፒሲአር ሠርተህ ጄሉ ላይ ምንም መስመር ባይታይ ምን ታደርጋለህ?» አሉኝ፤ ፒሲአር ዲኤንኤን ማባዣ ዘዴ ነው፣ የተባዛው ዲኤንኤ ደግሞ ጄሉ ላይ መስመር ሆኖ ይታያል። «መጀመሪያ ዲኤንኤው እንዳለበት እርግጠኛ የሆንኩበት ማነጻጸሪያ ናሙና መስመር ማውጣቱን አያለሁ፤ እሱም ባዶ ከሆነ ጥፋቱ ከናሙናው ሳይሆን ከዝግጅቱ ነው» አልኩ። ይህን መልስ የሰጠኝ፣ የራሴን ሥራ አስቀድሜ መፈተሽ ያስተማረኝ የቢራ ፋብሪካው ድርብ ቆጠራ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም እጅሽ ፒፔት (የላቦራቶሪ ፈሳሽ መለኪያ) የሚይዝበት ቦታ ግቢ። የመመረቂያ ጥናትሽ በምን ላይ እንደነበርና የትኞቹን መሣሪያዎች በራስሽ እጅ እንደሠራሽባቸው እዚሁ ጻፊልኝ፤ ለኮምቦልቻዎቹ የምታስገቢውን ማመልከቻ አብረን እናርመዋለን።