ስለ ኒውክለስ ስፒን ከቱሉ ዲምቱ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኘው በቱሉ ዲምቱና በአካባቢው ፊዚክስ የሚማሩ ወጣቶች የላኩልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ስፒን ሲባል ፕሮቶኑ (የሃይድሮጅን አቶም ኒውክለስ) እንደ እንዝርት ይሾራል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ስፒን እንደ ፕሮቶኑ ግዝፈትና እንደ ኤሌክትሪክ ቻርጁ ሁሉ ምንጊዜም ከእርሱ የማይለይ አንግላዊ ሞመንተም (የመዞር መጠን) ነው። እንዝርቱ የሚጠቅመን ለሌላ ነገር ነው፤ ሊቆም ሲቃረብ ዘንጉ ቀስ እያለ እንደሚዞር፣ የፕሮቶኖቹም መግነጢስ በማግኔት መስክ ውስጥ ሲገቡ በመስኩ ዙሪያ ይዞራል፤ የመስኩ ጥንካሬ አንድ ቴስላ (የማግኔት መስክ መለኪያ) ሲሆን በሴኮንድ 42.58 ሚሊዮን ጊዜ።

ጥያቄ፦ በዚህ የፕሮቶኖች ዙረት የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳየው የሕክምና መሣሪያ፣ ኤምአርአይ፣ እንደ ኤክስሬይ ያለ ጨረር አመንጪ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ የሚጠቀመው ማግኔትና የሬዲዮ ሞገድ ነው።

ጥያቄ፦ እንደ ፕሮቶን ግማሽ ስፒን ያለው ነገር ወደ ነበረበት የሚመለሰው 720 ዲግሪ ሲዞር ነው የሚባለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ እጅግ ወድጄዋለሁ። የፕሮቶን ሁኔታ የሚጻፈው በሁለት ውስብስብ ቁጥሮች ሲሆን፣ የሚያዞሩት ከፓውሊ ማትሪክሶች (ስፒንን ከሚገልጹት ሦስት ማትሪክሶች) የሚሠሩ ሁለት በሁለት ማትሪክሶች ናቸው፤ በእነዚህም ውስጥ የመዞሪያው ማዕዘን የሚገባው ተገምሶ ነው። 360 ዲግሪ ብናዞረው የ180 ኮሳይን −1 ስለሆነ ሁኔታው በ−1 ይባዛል። ዕድል የሚሰላው በስኩዌር ስለሆነ ምልክቱ ብቻውን አይታይም፤ ካልዞረ አቻው ጋር ሲጣመር ግን ይገለጣል፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ1975 በኒውትሮኖች ተረጋግጧል። ማትሪክሶቹን በእጃችሁ አባዙ፤ አንብቦ ማለፍ አይበቃም።

ጥያቄ፦ ለኤምአርአይ ትልቅ ማግኔት ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ በ1.5 ቴስላ መስክ እንኳ በሰውነት ሙቀት ከመስኩ ጋር የሚሰለፉት ፕሮቶኖች ከተቃራኒዎቹ የሚበልጡት ከሚሊዮን በ5 ገደማ ብቻ ነው። መሣሪያው የሚይዘው ምልክት የሚመጣው ከዚህ ትርፍ ነው፤ መስኩ ሲጨምር ትርፉም ይጨምራል። የሚያድነን የውሃ ብዛት ነው፦ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ6 × 10²² በላይ የሃይድሮጅን ፕሮቶኖች አሉ። የፊዚክስ ሊቁ ፊሊክስ ብሎክም የፕሮቶኖችን ምልክት ስለመያዝ እ.ኤ.አ. በ1946 ያሳተመው ሙከራ በውሃ የተሠራ ነበር።

ጥያቄ፦ እኛ እዚህ ያለ ትልቅ ማግኔት የፕሮቶኖቹን ምልክት ልንሰማው እንችላለን?

መልስ፦ ትችላላችሁ። በአዲስ አበባ የምድር መስክ 36 ማይክሮቴስላ ገደማ ስለሆነ የፕሮቶኖቹ ዙረት ድግግሞሽ 1500 ኸርዝ (በሴኮንድ 1500 ጊዜ) አካባቢ ይሆናል፤ ጆሮ የሚሰማው ድምፅ ነው። በውሃ ጠርሙስ ላይ ሽቦ ጠቅልሉ፣ ጠንከር ያለ ኮረንቲ ለጥቂት ሴኮንዶች ልቀቁበትና በድንገት አቋርጡት፤ ከዚያ ጥቅሉን ከአምፕሊፋየር ጋር አገናኙ። የከተማው ዳርቻ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፦ ቆርቆሮና ብረት መስኩን ስለሚያዛቡት፣ የኤሌክትሪክ መስመር 50 ኸርዝም ሠላሳኛ ብዜቱ እዚያው 1500 ላይ ስለሚያርፍ፣ ከሁለቱም ርቃችሁ ሜዳ ላይ ሥሩ። በአገራችን የምድር መስክ አግድም ለመሆን ጥቂት የቀረው ወደ ሰሜን የሚያመለክት ስለሆነ፣ የጥቅሉ ዘንግ መስኩን በቀጥታ እንዲያቋርጥ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አስተኙት።