ከካምቢዮ ስር የሚንጠባጠበው ቀይ ዘይት፦ ጥያቄና መልስ

ያረጀ መኪና ይዛችሁ ካምቢዮው ዘይት የሚያፈስስባችሁ ሁሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ከማራኪም ከአዘዞም መጣ። ጎንደር ውስጥ በጋራዥ ሥራ የቆየሁባቸው ዓመታት ያስተማሩኝን እመልሳለሁ። አስቀድሜ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ዘይቱ ከየት እንደሚወጣ በዓይናችሁ ሳታዩ ምንም አትፍቱ፣ አታስፈቱም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጠዋት መኪናዬን ሳንቀሳቅስ መሬቱ ላይ መዳፍ የሚያህል እርጥበት አገኛለሁ። አውቶማቲክ ኮሮላ ናት። የሞተር ዘይት ይሁን የካምቢዮ በምን ልለይ?

መልስ፦ ማታ ስታቆማት ከፊት እስከ ሾፌሩ መቀመጫ ስር ካርቶን ዘርጋ፤ ጎማዎቹ የቆሙበትን በእስክሪብቶ ምልክት አድርግ። ጠዋት ጠብታውን በነጭ ጨርቅ ንካው። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት አዲስ ሲሆን ቀይ ነው፤ ሲያረጅ ወደ ቡናማ ይሄዳል። የሞተር ዘይት ማር መስሎ ይጀምርና ይጠቁራል። ነገር ግን ቀይ አየሁ ብለህ አትቸኩል። በብዙ የቆዩ ቶዮታዎች የመሪው ዘይትም ያው ቀዩ ነው። የመሪውን ዘይት ማጠራቀሚያ ከፍተህ ተመልከት፤ ጎድሎ ካገኘኸው ካምቢዮህን ያለ ጥፋቱ አትክሰሰው።

ጥያቄ፦ ሜካኒኩ «ካምቢዮው ካልወረደ አይሆንም» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ግን «አሳየኝ» በለው። መኪና ሲሄድ ነፋሱ ዘይቱን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ስለዚህ የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚወጣበት ቦታ አንድ አይደሉም። ምንጩን ሁልጊዜ ከእርጥቡ በላይና ከእርጥቡ ፊት ፈልጉ። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ፤ ካምቢዮውን ዙሪያውን በናፍጣና በብሩሽ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ የሕፃን ፓውደር በስሱ እነሰንስበታለሁ፤ ከዚያ መኪናው እስኪሞቅ ድረስ ተነድቶ ይመለሳል። ነጩ ፓውደር ላይ ቀይ መስመር ተስሎ ታገኛላችሁ፤ የመስመሩ ራስ ጋ ደግሞ ቀዳዳው አለ።

ካምቢዮ ማውረድ የሚያስፈልገው ከቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው ከሚያስተላልፈው ክፍል) ኋላ ያለው የፊተኛው ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ሲበላሽ ነው። ያን ጊዜ ዘይቱ ሞተሩና ካምቢዮው በሚጋጠሙበት ቦታ ከስር ይወጣል። በዚያው ቦታ የሞተሩ የኋላ ኦይል ሲልም ሊያፈስስ ስለሚችል እዚህም ቀለሙን ተመልከቱ። የኮፓው (ከካምቢዮው ስር ያለው የዘይት ሳህን) ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መካከል የሚገባው ማሸጊያ)፣ የማፍሰሻው ብሎን ቀለበት፣ የሁለቱ ጎን አክስሎች ኦይል ሲል፣ የዘይት መለኪያው ቱቦ ጎማ፣ ከራዲያተሩ ጋር የሚያገናኙት ቱቦዎች፣ እነዚህ ሁሉ ካምቢዮው በቦታው እንዳለ ይሠራሉ።

በሌላ ጋራዥ ካምቢዮዋ ሁለት ጊዜ ወርዶ፣ አሁንም እያፈሰሰች እኔ ዘንድ የመጣች መኪና አለች። ባለቤቱ ለሁለቱም ጊዜ ከፍሏል። ሳጥባት፣ ከራዲያተሩ የሚመለሰው የጎማ ቱቦ ጫፉ እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጣጥቆ፣ ማሰሪያው ላልቶ አገኘሁት። ዘይት የሚችል ቱቦና ሁለት አዲስ ማሰሪያ አበቃላት። የውሃ ቱቦ ግን እንዳታስገቡ፤ ዘይቱ ያላሽቀዋል። ያ ሰውዬ ያወጣውን ገንዘብ ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ጥያቄ፦ የኮፓውን ብሎኖች በደንብ አጠበቅኳቸው፤ ጭራሽ ባሰበት።

መልስ፦ ማጥበቅህ ነው ያባሰው። የኮፓው ከንፈር ስስ ቆርቆሮ ስለሆነ፣ ሲጠብቅ ብሎኖቹ ያሉበት ይጎደጉድና መካከሉ ይነሳል፤ ዘይቱ በዚያ ይወጣል። አውርደው፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጠህ የተጎደጎደውን በትንሽ መዶሻ ቀስ አድርገህ አቅናው። የድሮውን ጓርኒሲዮን ስትፍቅ የካምቢዮውን አሉሚኒየም አትቧጭረው። አዲሱን ካስገባህ በኋላ ከመካከል ወደ ዳር እያፈራረቅህ እሰር። የጎማ ብሎን በኮሮላ 100 ኒውተን ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ የኮፓው ግን ብዙ ጊዜ 10 እንኳን አይደርስም። ረጅም መፍቻ አትያዝበት።

ጥያቄ፦ ነገ መተማ እወርዳለሁ። ዘይት እየጨመርኩ ልሂድ?

መልስ፦ በቀን ጥቂት ጠብታ ብቻ ከሆነና ልኩን ለክተህ ከተነሳህ፣ አንድ ሁለት ሊትር ይዘህ ሂድ፤ በየቆምክበት ለካ። ከዚያ በላይ ከሆነ ቅር፣ ወንድሜ። ዘይት ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል፤ ግፊቱ ይወድቅና በውስጡ ያሉት ፍሪሲዮኖች (እርስ በርስ ተጣብቀው ኃይል የሚያስተላልፉት ሳህኖች) እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። ማርሽ አስገብተህ መኪናዋ ዘግይታ ከተነሳች፣ ወይም ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቷ ካልጨመረ፣ እዚያው አቁም። የቆላው ሙቀት ሲጨመርበት ትንሹ ጉዳት ትልቅ ይሆናል። መንገድ ላይ ከቀረህም አውቶማቲክ መኪና ሞተሩ የሚያሽከረክራቸው ጎማዎች መሬት እየነኩ አይጎተትም፤ ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑም ስለሚቆም ካምቢዮው ያለ ዘይት ይሽከረከራል። በመኪና አስጭናት።

ጥያቄ፦ ልኩን ስለካው አንዴ ሙሉ፣ አንዴ ጎዶሎ ይሆንብኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ በብዙ ቶዮታ የሚለካው ዘይቱ ሞቆ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ ነው። ፍሬን ረግጠሽ ማርሹን በየቦታው አዘዋውሪና ወደ «ፒ» መልሺ፤ ከዚያ መለኪያውን ጠርገሽ ለኪ። በሆንዳ ግን ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነው። አታትረፍርፊ፤ የበዛ ዘይት አረፋ ሠርቶ በካምቢዮው የአየር መተንፈሻ ይወጣል፣ አንቺም ሌላ ቀዳዳ ትፈልጊያለሽ።

ጥያቄ፦ ካምቢዮው ውስጥ ትንሽ የፍሬን ዘይት ብጨምር የኦይል ሲሉ ጎማ አብጦ ቀዳዳውን ይዘጋል ብለውኛል።

መልስ፦ በፍጹም! ለጥቂት ቀን ያብጣል፤ ከዚያ በካምቢዮው ውስጥ ያለው የጎማ ማገጃ ሁሉ ይለሰልስና ይበላሻል።

ጥያቄ፦ የአክስሉ ኦይል ሲል በስድስት ወር ሁለት ጊዜ ተቀየረ፤ አሁንም ያፈስሳል።

መልስ፦ አክስሉን አውጥታችሁ ኦይል ሲሉ የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍር ዳስሱት። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አዲሱም አይቆይም፤ ኦይል ሲሉ ትንሽ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ፈቀቅ ብሎ ካልቦየ ቦታ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል፣ ወይም አክስሉ ይለወጣል። የአክስሉ ኩሽኔታ ካላላ ደግሞ ኦይል ሲሉ ምንም አያደርግም። መተንፈሻውንም እዩ። በክረምት ጭቃ ይደፍነዋል፤ ካምቢዮው ሲሞቅ ግፊቱ መውጫ አጥቶ ዘይቱን በኦይል ሲሉ ይገፋል። ይህን በሽቦ ማጽዳት አምስት ደቂቃ ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያየውም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ራሴ ከስር ገብቼ ልሞክር አስቤ ነበር። ክሪክ አለኝ።

መልስ፦ አባባ፣ ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። የብረት መቆሚያ ሳያደርጉና ጎማውን ሳይገድቡ ከስሩ አይግቡ፤ ድንጋይ ደርድረውም አይመኑት። ዘይቱም ይብረድ፣ እጅ ያቃጥላል። የወጣውን በሊትር ይለኩና ያንኑ ያህል ይመልሱ።

ጥያቄ፦ የወጣውን አሮጌ ዘይት የት ልድፋው?

መልስ፦ የትም አትድፋው። ቀሃ ወንዝ ላይም፣ ከቤትህ ጓሮ ቦይ ውስጥም። ከተማችን ከአንገረብ ግድብ ውሃ ትጠጣለች። ክዳኑ በሚጠብቅ ጄሪካን አድርገህ አሮጌ ዘይት ለሚቀበል ጋራዥ ስጥ፤ እኔ ዘንድም ብታመጣው በርሜል አለኝ።